የአያሌው ጊታር በቡሬ መንገድ

ደብረ ማርቆስ፣ ማለዳ

የባለቤቴን ጊታር ይዤ ከቤቴ የወጣሁት ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። መድረሻዬ ቡሬ ነበር። የሄድኩበትን ጉዳይ አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ጊታሩን ለአንድ የወጣቶች ባንድ ልሰጥ፣ ካልሆነም እንደ ያዝኩት ይዤው ልመለስ ነው የሄድኩት። ከሁለቱ የትኛውን እንደማደርግ በሬን ስቆልፍም አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ አያሌው የሂሳብ መምህር ነበር። በወጣትነቱ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ቡድኑ ሲበተን ጊታሩ እሱ ዘንድ ቀረ። ቀይ ነው። ክንዱ በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የኤሌክትሪክ ጊታር ስለሆነ ማጉያ ከሌለው ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም፤ እኛ ደግሞ ማጉያ ኖሮን አያውቅም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ እስኪቀርብ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። ከተጋባን ጀምሮ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሕመሙ ሲጠናበት፣ «ይህን ነገር ለሚፈልገው ሳይሆን ለሚጫወትበት ስጪው» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ከቁም ሳጥኑ ጎን እንደ ቆመ፣ እኔም ጥቁሬን እንደ ለበስኩ ከረምን። ሰፈራችን ድሮም ጫጫታ አይበዛበትም፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጭራሽ ጸጥ አለ። የጎረቤት ሬዲዮ እንኳን አይሰማኝም ነበር። ሐዘን ጆሮንም የሚያደነዝዝ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የእህቱ ልጅ ትሁን ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ባንድ መሥርተናል» አለች። «ስማችን እንዝርት ነው።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው የምትጫወቱት?»

«ሳይኬደሊክ የዳንስ ሮክ።»

ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «ምን ማለት ነው እሱ ደግሞ?»

«እንዴት ልበልዎት... ዜማው ይዞራል፣ ይዞራል፤ ሲጨፍሩበት ቆይተው ያሉበትን ቦታ ይረሱታል።»

«ዕፅ ትወስዳላችሁ እንዴ ልጄ?»

ስልኩ ውስጥ ሳቋ ፈነዳ። «ኧረ እትዬ! ይበልጣል አረቄ እንኳን አያስቀምሰን።»

ይበልጣል ማሲንቆ የሚጫወተው የባንዱ መሪ መሆኑን ነገረችኝ። ጊታር የምትጫወተው እሷ ናት። ጊታሩ ግን የውሰት ነበር፤ ባለቤቱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞባቸው ሄደ። በኅዳር ባሕር ዳር እንዲጫወቱ ተጠርተዋል፤ ያለ ጊታር መሄዱ ከንቱ ነው። የምትፈልገው ገባኝ። የቀዱትን ዘፈን በስልክ ልካልኝ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ከግማሽ በላይ አላወርድ አለኝ። የሰማሁት ነገር ሰው ንብ ቀፎ ውስጥ ተቀምጦ የሚዘፍን ይመስላል።

«በመኪና ይላኩልን» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሳልሰማችሁ አልሰጥም» አልኳት።

«እንግዲያው ይምጡና ይስሙን።»

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት ጊታሩን ጣሪያ ላይ ሊያስር ፈለገ። እምቢ ብዬ ለእኔ ሦስት መቶ፣ ለጊታሩም ሦስት መቶ ብር ከፍዬ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ጊታሩን በቀበቶ እያሰረ፣ «እማማ፣ ይኸኛው ተሳፋሪ የት ወራጅ ነው?» አለኝ። ሰዎች ሳቁ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ረዳቱ ቀና ብሎ ጥቁሬን ሲያይ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው፤ ዘፈኑ ወዲያው ጠፋ። ጨዋ ልጆች ናቸው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

በመንገድ

መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል። የእኛ ሳምንት ክፍት ነበር። አማኑኤልን አልፈን ወደ ተምጫ ወንዝ ስንወርድ ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ ቢጫ ሆኗል፤ ከኑጉ ወዲያ ያለው ጤፍ ገና አልደረሰም፤ ነፋስ ሲመጣበት አንድ ላይ ተኝቶ አንድ ላይ ይነሣል። አያሌው ይህን ሲያይ ሁልጊዜ ቁጥር ይናገር ነበር፤ ይህ ማሳ ስንት ኩንታል ይወጣዋል እያለ። እኔ ግምት አላውቅም። ዝም ብዬ አየሁት።

ከደምበጫ ወዲህ ፍተሻ ላይ ወረድን። አንድ ወጣት ፈታሽ የጊታሩን ማኅደር ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካው።

«ይኼ ረጅሙ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው ልጄ።»

«ይክፈቱት እስቲ።»

ዚፑን ከፈትኩት። ቀዩን ሲያይ የጠነከረ ፊቱ ተፈታ፤ ልጅ ሆነ። በአንድ ጣቱ ቀጭኑን ክር ነካው። «ይጫወታሉ እንዴ?»

«ባለቤቴ ነበር የሚጫወተው።»

ያኔ ልብሴን አየ። እሳት እንደ ነካው ሰው እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። «ይቅርታ እናቴ። እግዜር ያጥናዎት» አለና ዚፑን ራሱ ዘጋው።

ፍኖተ ሰላም

ለምሳ ደረስን። ከመናኸሪያው ወደ አያሌው እህት ወደ እናኑ ቤት በባጃጅ ሄድኩ። ፍኖተ ሰላም ከማርቆስ ይሞቃል፤ ሰዉ ጥላ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ግቢ ስገባ ከቤት ውስጥ የቴሌቪዥን ጨዋታና ሳቅ ይሰማ ነበር። ደጃፉን ስረግጥ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። እናኑ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን፤ ከዚያ ሽሮና ጎመን ቀረበ።

እናኑ ከመብላቷ በፊት ጊታሩን አየች። «የወንድሜ ዕቃ ከቤትሽ ወጥቶ በጭፈራ ቤት ሊንከራተት ነው?»

«ጭፈራ ቤት አይደለም እማ፤ የበርበሬ መጋዘን ነው» አለች ትሁን ከጓዳ።

«ይባስ!»

ትሁን ውኃ ይዛ ወጣች። ቀጭን፣ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አያሌውን በግንባሯ የምትመስል ልጅ ናት። ጊታሩን አልነካችውም። ዓይኗ ግን እንጀራው ላይ አልነበረም።

«ገና አልሰጠሁም» አልኳቸው ሁለቱንም። «ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ሴት፣ ጥቁር ለብሰሽ ዘፈን ልትሰሚ?» አለች እናኑ፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። አያሌው የተናገረውን ነገርኳት። ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና ሌላ ነገር አወራን።

ማንኩሳና ቡሬ

በማግሥቱ ከትሁን ጋር ወደ ቡሬ ተሳፈርን። ማንኩሳ ላይ መኪናው ሰው ለማውረድ ቆመ። አያሌው የተወለደው ከዚህች ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በመስኮት ሎሚና ሸንኮራ አገዳ የሚሸጡ ሴቶች ተሻሙብን፤ ትሁን ሎሚ ገዛች። «ለጉሮሮ ነው» አለችኝ። «መጋዘኑን ሲያዩት ይገባዎታል።»

ገባኝ። ወሩ በርበሬ የሚለቀምበት ነው። የቡሬ ጓሮ፣ አጥር ሥር፣ የመንገድ ዳር ሁሉ በርበሬ ተሰጥቶበት ቀልቷል። ከመኪናው እንደ ወረድን አስነጠሰኝ። ጋሪዎች ጆንያ ጭነው ይተላለፋሉ። አንድ ነጋዴ ትሁንን፣ «ዛሬም በከበሯችሁ በርበሬውን አቡንናችሁ ልታስሉን ነው?» አላት። «ዛሬ እርስዎን ነው የምናስለው» አለችው እየሳቀች።

መጋዘኑ የይበልጣል አጎት ንብረት ነው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ከቆርቆሮው ውስጥ ድምፅ ይወጣ ነበር። ቆምኩ።

የሰማሁትን ለመጻፍ ልሞክር። ማሲንቆ ነው፤ ግን ማሲንቆው አንድ ጊዜ ሲመታ ድምፁ አምስት ስድስት ጊዜ እየተመለሰ የራሱን ጅራት ያሳድዳል። ከሥሩ ከበሮ አለ፤ የእኛው የጎጃም ከበሮ፣ ትከሻ የሚያነሣው፤ ግን ሳይቆም፣ ሳይለወጥ፣ እንደ ወፍጮ ይዞራል። የመጀመሪያውን ዙር በጆሮዬ ሰማሁት፤ ሁለተኛውን በደረቴ። ብዙ ወር ሙሉ ምንም ድምፅ እዚያ ገብቶ አያውቅም ነበር። ግቢውን በፍጥነት አቋረጥኩ። ፈጥኜ መራመዴን ያወቅሁት ትሁን ስትከተለኝ ስታለከልክ ነው።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ድምፁ ቆመ።

በርበሬ የሞላባቸው ጆንያዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። በመካከላቸው ሁለት ወጣቶች አሉ። ከበሮው ዘንድ የተቀመጠው ደሴ ይባላል፤ ክብ ፊት፣ ሳቂታ። ማሲንቆ የያዘው ረጅሙ ይበልጣል ነው። ሽቦዎች መሬት ላይ ተዘርግተው እግሩ ሥር ካለች ትንሽ ሳጥን ጋር ተያይዘዋል፤ ፔዳል ይሏታል፤ ድምፁን የምትመላልሰው እሷ ናት። ይበልጣል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ከዚያ ሽቦውን ነቀለ።

«ትሁን» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሐዘን ላይ መሆናቸውን ለምን አልነገርሽንም?»

«ነግሬህ ቢሆን ኑሮ አይምጡ ትል ነበር።»

«አዎ፤ እል ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኛ የምንጫወተው የጭፈራ ነው። አንቱ ከል ለብሰው ቆመው እኛ አሸሸ ብንል ሰው ምን ይለናል? እኛስ ራሳችንን ምን እንለዋለን?»

«እኔ እኮ ነኝ ተጫወቱ የምለው።»

«አንቱ ሊሉ ይችላሉ። እኛ ግን እጃችን አይታዘዝም።»

ደሴ ራሱን እያከከ፣ «እትዬ፣ ለአንድ ግማሽ ሰዓት ነጭ ነጠላ ብናውስዎትስ?» አለ።

«ደሴ!» አሉ ይበልጣልና ትሁን በአንድ አፍ።

«ለዘፈን ብዬ የባሌን ከል አላወልቅም» አልኩት። እሱም አፈረ፤ እኔም መቆጣቴ ቆጨኝ። ነገሩ ግን እዚያው ተቋጠረ። እኔ ሳልሰማ አልሰጥም፤ እነሱ ደግሞ ሐዘንተኛ ፊት አይጫወቱም። ማንንም ልወቅስ አልቻልኩም፤ ልጆቹ የከለከሉኝ ስለሚያከብሩኝ ነው። ጊታሩን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ትሁን ፊቷን ወደ ጆንያዎቹ አዞረች። ስትስል፣ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ ነገር አለየሁም።

በዚህ መሐል በሩ ላይ አንዲት ሴት ጆንያ ከጋሪ እያስወረዱ ነበር። የይበልጣል አክስት ወይዘሮ አንጓች ናቸው፤ ከገጠር በርበሬያቸውን አምጥተው። ኋላ እንደ ተረዳሁት በዚያ አገር ለቅሶ ሲሆን ሙሾ እንዲያወርዱ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ክርክራችንን ቆመው ሰምተውታል።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «እኒህ ሰው ቤታቸው ሐዘን ገብቶ ለቅሶ ደርሳችኋል?»

«ማርቆስ እኮ ነው አክስቴ፤ አናውቃቸውም ነበር» አለ ይበልጣል።

«አሁን አላወቃችኋቸውም?»

ይበልጣል ማሲንቆውን ጆንያ ላይ አስደገፈ።

«ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ያደርጋል? ይደርሳል። አልቃሽ በጉሮሮው ያለቅሳል፤ አንተ በዚያ በሽቦህ አልቅስ። ማን ዝፈን አለህ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ እኔ ቤት ይምጡ። እዚህ አስነጥሰን እንሞታለን።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጆንያ ላይ ቁጭ አድርገው ጠየቁኝ። አልቃሽ ሟችን ሳያውቅ ሙሾ አያወርድም። «ስሙ?» አያሌው አልኳቸው። «ሥራው?» የሂሳብ መምህር። «እሺ፤ መምህር ብዙ ነው። እሱ ምን ሰው ነበር?»

ያን ሁሉ ወር ሰው ሁሉ ደግ ሰው ነበር ይለኝ ነበር፤ እኔም አዎ እላለሁ። ምን ሰው እንደ ነበር የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አንድ በአንድ መጣልኝ። ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል። የራሱን ጫማ ሲቀባ የእኔንም ይቀባል። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሰሌዳው ፊት ያቆምና አብሮት ይሠራል። ጊታር ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲሳሳት ምላሱን ያወጣል።

«ምላሱን?» አለ ደሴ።

«እንደዚህ» ብዬ አሳየሁት።

ያን ቀን ከትሁን ጋር አንድ አልቤርጎ አደርን። ጊታሩን በመካከላችን አስተኛነው።

ከፈጠም ወንዝ ማዶ

በማለዳ ሁለት ጋሪ ተከራየን። በአንዱ ጄኔሬተርና ማጉያ፣ በሌላው እኔና ትሁን። ደሴ ከበሮውን አቅፎ ከጄኔሬተሩ ጋር ተቀመጠ፤ ይበልጣል በእግሩ ሄደ። ከከተማው ወጥተን በዳጉሳ ማሳ መካከል በሚያልፈው የጋሪ መንገድ ወረድን። ፈጠም ወንዝ ውኃው ጎድሏል፤ ፈረሶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ተሻገሩ፤ ደሴ ከበሮውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ቆመ። ከዳገቱ በላይ የወይዘሮ አንጓች ግቢ አለ። እዚያም ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል። እንደ ደረስን ዳቦና አጓት ቀረበልን፤ ደሴ ለሁለት ሰው በላ።

ጄኔሬተሩ ዛፍ ሥር ተነሣ። ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ደሴ ማይክሮፎን ፊታቸው አቆመላቸው።

«የሟች ዕቃ ይውጣ» አሉ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ፣ ፎቶግራፍ፣ ጠመንጃም ካለው ጠመንጃው ይወጣል፤ ለቀስተኛው እየተቀባበለ ይዞት ያለቅሳል። አያሌው ሲቀበር ካፖርቱና ፎቶግራፉ ወጥተው ነበር። ጊታሩን ግን ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። ዚፑን ከፈትኩ። ማን ይያዘው ብሎ የጠየቀኝ የለም። የእህቱን ልጅ አስያዝኳት። ሽቦውን ስትሰካው ከማጉያው አንድ ትልቅ ጉርምርምታ ወጣ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጊታሩ ሲጮኽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው።

ይበልጣል ማሲንቆውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ድምፁ እየተመለሰ፣ እየተመለሰ ሄደ። ወይዘሮ አንጓች በዚያ ላይ ሙሾውን አነሡ፦

«የሂሳብ መምህሩ ደምሮ የሚያውቀው፣
ከሁለት ላይ አንዱን ማን ነው የቀነሰው?»

ከበሮው እንደ እርምጃ ገባ። ትሁን በአንድ ክር ላይ ቀስ ብላ ትመላለሳለች።

«ስድስቱ ክሮቹ ተወጥረው እያሉ፣
አሥሩ ጣቶቹማ የት ገቡ ምን አሉ?»

እንባዬ መጣ። በቀብሩ ቀን ያለቀስኩት በድንጋጤ ነበር፤ ይኼኛው ሌላ ነው፤ ዝናብ ከሰማይ እንደሚወርድ ዓይነት ነው፤ አያንቅም።

እንግዲህ ያላሰብነው ነገር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የወይዘሮ አንጓች ድምፅ በማጉያው ከዳገቱ ወርዶ ለአገሩ ሁሉ ደርሷል። እሳቸው ካለቀሱ ሰው ሞቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እየሮጡ ገቡ። ቀጥሎ ማጭድ የያዙ ወንዶች ከማሳ መጡ። ከዚያ ዱላ የያዙ ሽማግሌ። «ማን ነው? ማን ነው የሞተብን?» እያሉ ይገባሉ፤ ጄኔሬተሩን ያያሉ፤ ቀይ ጊታር የያዘች ልጅ ያያሉ፤ ባሉበት ይቆማሉ። ይበልጣል ደንግጦ ሊያቆም ሲል ወይዘሮ አንጓች በእጃቸው ቀጥል አሉትና በሙሾው መሐል፣ «የማርቆስ መምህር ነው፣ ሚስቱ እኒህ ናቸው» ብለው ነገሯቸው።

ማንም አልሄደም። ለለቅሶ መጥተዋልና ተቀመጡ። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። ሙሾው እየሞቀ ሲሄድ፣ እንደ ልማዱ፣ ለቀስተኛው ተነሥቶ ይዞር ጀመር። ከበሮው ከእነሱ እግር ጋር ፈጠነ። ማሲንቆው ጅራቱን ማሳደድ ያዘ። ዙሩ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይመጣል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ መሬቱን በዱላ ይወቅጣሉ። እኔም በመካከላቸው ነበርኩ። የምዞረው በሐዘን ይሁን በሌላ ነገር አልጠየቅሁም፤ ያለሁበትን ቦታም ረስቼው ነበር። ትሁን በስልክ የነገረችኝ ይህንን ነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ጣቷ አንድ ክር ሳተ፤ የምላሷ ጫፍ ብቅ አለ፤ ተመለሰ። ትናንት ከእኔ አይታ ይሁን ከአጎቷ ወርሳው አላውቅም። ያቺን ካየሁ በኋላ ግን ስለ ጊታሩ የማስበው ነገር አልቀረኝም።

ሲያበቃ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። «እግዜር ያጥናዎ እህቴ። ሰውየውን አላውቀውም» አሉ። «ግን ሞተር ተነሥቶለት የተለቀሰለት ሰው በዕድሜዬ ይኸ የመጀመሪያው ነው።»

«እሱም ቢሰማ ይገርመው ነበር» አልኳቸው።

ጊታሩ ትሁን ዘንድ እንደሚቀር የተናገርኩት ጋሪ ላይ ስወጣ ነው። ባዶውን ማኅደርም ሰጠኋት፤ በእሑዶቹ ሁሉ ያላወጣነው ድምፅ ስላለ እያስጮኸች እንድትጫወት ነገርኳት። አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። ይበልጣል ፈረሱን ልጓሙ ላይ ይዞ አቆየው።

«እናቴ» አለኝ፣ «እዚህ እያሉ አንዘፍንም። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ግን ልምምድ አለብን። ነፋሱ ወደዚያ ቢነፍስ እኛ ምን እናደርጋለን?»

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ ተነሣ። ከርቀት ነው፤ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። የቡሬ መጋዘን በር ላይ የሰማሁት ዜማ ነው፤ አሁን ግን ጊታሩ በውስጡ አለ። ማሲንቆው ሲዞር ጊታሩ ከላይ እንደ ጸሐይ ብልጭ ይላል፤ ከበሮው ሁለቱንም ይዞ ይሮጣል። የባለጋሪው ትከሻ ሳያስበው ተነሣ፤ ትዝ ስለው ወደ እኔ ዞረና ደነገጠ።

«ልፍጠን እትዬ? እንዳይሰሙት?»

«ቀስ በል» አልኩት።

«ሐዘን ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። አንተ ብቻ ቀስ በል። ትከሻህንም ተወው።»

የዳጉሳው ማሳ እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁት።

መመለሻ

በማግሥቱ ማርቆስ ገባሁ። ሹፌሩ ሌላ፣ ረዳቱም ሌላ ነበር፤ ስገባ ግን ዘፈኑ እንደ ቀድሞው ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ «ክፈተው ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትዝጋ» አልኩት። በመስተዋቱ አየኝ፤ አላመነኝም። ከጂጋ እስከ ደምበጫ ድረስ አሰብኩበት። ረዳቱ፣ ፈታሹ፣ የእናኑ ቴሌቪዥን፣ የይበልጣል ሽቦ። የሄድኩበት ሁሉ ድምፅ ይቋረጣል፤ እኔ የምሰማው ከገባሁ በኋላ ያለውን ብቻ ስለሆነ ጆሮዬ የደነዘዘ መስሎኝ ኖሯል።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ የሺ ሰምታ መጣች። በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ከቁም ሳጥኑ ጎን ጊታሩ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ አየች። መጀመሪያ የጠየቅሁት ግን እኔ ነኝ።

«የሺ፣ ሬዲዮሽ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ኧረ አልተበላሸም።»

«ታዲያ አልሰማውም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ሐዘን ላይ ሆነሽ እንዴት እከፍታለሁ? ልጆቼም በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰሙት። ከጓሮ ያሉትም ሰዎች የልጃቸውን ምርቃት ያለ ዘፈን ነው ያደረጉት።»

የምርቃቱን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ቁጭ አልኩ። እኔ ብቻዬን ሐዘን የተቀመጥኩ ሲመስለኝ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ተቀምጦ ኖሯል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ። ይህን ያህል መከበር ከባድ ነገር ነው። እነሱ መክፈት አይችሉም፤ ፈቃዱ ከእኔ መምጣት አለበት። የቡሬው ጉዞ ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ለመማሩም ሌላ ሰው ጊታሩን ወንዝ ማዶ ሊያስጮኽልኝ ግድ ሆነ።

«ዛሬ ክፈቺው» አልኳት።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ?»

«እኔ ከሌን እስከ ቀኑ እለብሳለሁ። አንቺ ሬዲዮሽን ክፈቺ። ልጆቹም ያንን ነገር ከጆሯቸው ያውጡት። ለጓሮዎቹም ንገሪያቸው።»

የሺ ትንሽ አየችኝና ወጣች። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል፣ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ማዶ በጣም ቀጭን የሆነ ዜማ ተሰማ፤ እንዳልሰማው የተጨነቀች ያህል ዝቅ አድርጋዋለች።

ግድግዳውን በእጄ መታሁ።

«የሺ! ትንሽ ከፍ አድርጊው!»